ሰማያዊው ክሪስታል ዱቄት እንዳይሆንባችሁ፦ ቴትራአሚንኮፐር ሰልፌትን መሥራትና ለኤክስሬይ የሚበቃ ክሪስታል ማሳደግ

አራት ኪሎ ላብ ውስጥ ከምሠራባቸው ዓመታት ጀምሮ በየሴሚስተሩ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ኮሪደር ላይ ያስቆሙኛል፣ ይደውሉልኛል፣ አንዳንዱ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል፦ "ውህዱን ሠራሁት፤ ቀለሙም ደህና ነው፤ ግን ዱቄት ሆነብኝ። ክሪስታሉን እንዴት ነው የማገኘው?"

መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። ውህዱን መሥራትና በኤክስሬይ የአተሞቹ አቀማመጥ የሚታይበትን ክሪስታል ማሳደግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፍጥነት ይወዳል፤ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል። ሁለተኛው ዝግታ ይፈልጋል፤ ሳምንት ይፈጃል። ሁለቱን በአንድ ቢከር፣ በአንድ ቀን ለመጨረስ የሞከረ ሰው ዱቄት ያገኛል። ስለዚህ መመሪያውን ለሁለት ከፍዬዋለሁ።

ምሳሌ ያደረግሁት ቴትራአሚንኮፐር ሰልፌት ሞኖሃይድሬትን ነው። አንድ የመዳብ አዮን በአራት አሞኒያ ተከቦ የሚፈጠር ጥቁር ሰማያዊ ውህድ ነው፤ ሞኖሃይድሬት የሚባለው አንድ ውሃ አብሮት ስላለ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፤ ደግሞም ጠባዩ አስቸጋሪ ስለሆነ እሱን በደንብ የያዘ ሰው ሌሎቹ የመዳብ ውህዶች ላይ አይቸገርም።

ይህ የቤት ሥራ አይደለም። ፊውም ሁድ (ጋዝና ትነት እየሳበ የሚያስወጣ የሥራ ሳጥን) ያለው ላብ፣ አብሮ የሚቆም አስተማሪ ወይም የላብ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮፐር ሰልፌት ፔንታሃይድሬት (ሰማያዊው)፣ 5.0 ግራም
- የአሞኒያ ውሃ፣ ከ25 እስከ 28 በመቶ፣ ወደ 15 ሚሊ ሊትር
- ኢታኖል፣ 96 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ ወደ 80 ሚሊ ሊትር
- ዲስቲልድ ውሃ
- ባለ 100 እና ባለ 250 ሚሊ ሊትር ቢከር፣ የመስታወት ዘንግ፣ ሲሊንደር፣ ፒፔት
- ሙቀጫ፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን (ቢያንስ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ)
- ቡክነር ፈነል (በቫኪዩም እየሳበ የሚያጣራ) እና ፊልተር ፔፐር
- ጠባብ የሙከራ ቱቦዎች (ስፋታቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ)፣ ፓራፊልም (የሚለጠጥ ማሸጊያ)፣ ጥጥ
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጋውን
- በረዶ

ስለ ዕቃዎቹ ጥቂት ልበል፤ ግማሹ ችግር የሚጀምረው ግዢ ላይ ነውና። ለእርሻ የሚሸጠው ኮፐር ሰልፌት ብዙ ጊዜ ብረት ይቀላቀልበታል። መጠቀም ይቻላል፤ ግን አራተኛውን ደረጃ አትዝለሉ። ለእጅ ማጽጃ የተዘጋጀ አልኮል ግን በፍጹም አይሆንም። ውስጡ ግሊሰሪን ስላለ ከመዳቡ ጋር ይያያዛል፣ ክሪስታሉንም ቅባት ያለብሰዋል። 70 በመቶው አልኮልም 30 በመቶው ውሃ ስለሆነ ከውህዱ ብዙውን አሟሙቶ ያስቀርባችኋል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ካልሲየም አለው፤ ኢታኖል ሲጨመርበት ከሰልፌቱ ጋር ነጭ ብናኝ ሆኖ ይወርዳል። ዲስቲልድ አጥታችሁ የባትሪ ውሃ የምትገዙ ከሆነ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ የባትሪ አሲድም በዓይን ሲታይ ውሃ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት መታወቅ ያለባቸው አደጋዎች

የአሞኒያ ጠርሙስ። የታሸገው ባሕር ጠረፍ አጠገብ ባለ አገር ሊሆን ይችላል፤ እኛ የምንከፍተው ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የውጭው አየር ግፊት እዚህ ዝቅተኛ ስለሆነ ክዳኑ ሲላላ "ጭስስ" ብሎ ይወጣል። ፊውም ሁድ ውስጥ፣ ፊታችሁን መለስ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

በረኪና። ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ በረኪና ካለ ሥራ ሳትጀምሩ ከክፍሉ አውጡት። አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። "ዕቃውን ላጽዳው ብዬ ነው" ያለ ተማሪ አይቻለሁ፤ ደግነቱ መስኮቱ ክፍት ነበር።

ፐርክሎሬት። ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁት አሠራር ከሰልፌት ይልቅ ኮፐር ፐርክሎሬት የሚል ከሆነ ተዉት። እንዲህ ያሉ ውህዶች ሲደርቁ ወይም ሲፋተጉ ይፈነዳሉ። ክሪስታል ቶሎ ስለሚሰጡ ነው ሰው የሚወዳቸው፤ ለጀማሪ ግን አይደሉም።

ኮፐር ሰልፌት ዓይን ክፉኛ ይጎዳል፣ ሲዋጥም መርዝ ነው። ኢታኖል በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ክብሪትም ቡታጋዝም አይኑር።

ክፍል አንድ፦ ውህዱን መሥራት

1. ኮፐር ሰልፌቱን በሙቀጫ አልሙና 5.0 ግራም መዝኑ። ይህ 0.020 ሞል ነው። ሳይደቅ ከቀረ ለመሟሟት ጊዜ ይፈጅና እሳቱን ወደመጨመር ይወስዳችኋል።

2. በ20 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አሟሙት። ውሃው 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ ማፍላት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ "ፈላ" የሚለው ቃል እዚህ መለኪያ አይሆንም፤ ቴርሞሜትር ተጠቀሙ። ሁሉም ከሟሟ በኋላ እስከ ክፍሉ ሙቀት ድረስ ይቀዝቅዝ። አሞኒያ በሞቀ ፈሳሽ ላይ ከተጨመረ ግማሹ ወደ አየር ይሄዳል። ሲቀዝቅዝ ኮፐር ሰልፌቱ ተመልሶ ይወርዳል ብላችሁ አትስጉ፤ በ20 ዲግሪ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ6 ግራም በላይ ይይዛል።

3. ፊውም ሁድ ውስጥ አሞኒያውን በፒፔት ጥቂት በጥቂት እያማሰላችሁ ጨምሩ። መጀመሪያ ፈሳሹ ይደፈርስና ፈዛዛ ሰማያዊ ዝቃጭ ይፈጠራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ተበላሸ" ብሎ ያቆማል። አልተበላሸም። ቀጥሉ፤ ዝቃጩ ተመልሶ ይሟሟና ፈሳሹ እንደ ብዕር ቀለም ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ጠራ ብላችሁም አታቁሙ፣ 10 ሚሊ ሊትሩን ጨርሱት። ለ0.020 ሞል መዳብ 0.080 ሞል አሞኒያ ይበቃዋል፤ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 25 በመቶ አሞኒያ ደግሞ ወደ 0.13 ሞል ይይዛል። ትርፉ ብክነት አይደለም። በኋላ በሚተነው ፋንታ ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል፤ ካነሰ አሞኒያው ከመዳቡ ይላቀቅና ያ ፈዛዛ ዝቃጭ ይመለሳል።

4. ፈሳሹን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ቡናማ ነገር ከታች ከቀረ ብረት ነው። ብረት በአሞኒያ ውስጥ እንደ መዳብ አይሟሟም፣ ዝገት መስሎ ይቀራል። በፊልተር ፔፐር አጣሩት። ዛሬ ካላጣራችሁት ነገ ክሪስታሉ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

5. 40 ሚሊ ሊትር ኢታኖል እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ውህዱ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ኢታኖል ውስጥ ግን አይሟሟም፤ ኢታኖሉ ሲበዛ ጥቁር ሰማያዊ ደቃቅ ክሪስታል እየሆነ ይወርዳል። ቢከሩን ከድናችሁ በረዶ ውስጥ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ አስቀምጡ። ክዳኑ ለአቧራ ብቻ አይምሰላችሁ፤ አሞኒያው እንዳይወጣ ነው።

6. በቡክነር አጣሩ። ባሕር ጠለል ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ያለን የአየር ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ቫኪዩሙ የሚስበው በዚያው ልክ ይደክማል። በውሃ ግፊት የሚሠራ መሳቢያ ከሆነ ደግሞ የውሃ ፈረቃችሁን አስቀድማችሁ እወቁ። ፈሳሹ ካለቀ በኋላ ግን መሳቡን አታራዝሙት፤ ክሪስታሉ ውስጥ የሚያልፈው አየር አሞኒያውን ይዞ ይሄዳል።

7. እጠቡ። መጀመሪያ 9 ሚሊ ሊትር ኢታኖልና 1 ሚሊ ሊትር አሞኒያ ቀላቅላችሁ በዚያ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር ኢታኖል። በውሃ በጭራሽ። በውሃ ያጠበ ሰው ምርቱን ወደ ታችኛው ጠርሙስ ነው የሚያጥበው።

8. በሁለት ፊልተር ፔፐር መሃል ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁና ወዲያው ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ። ኦቨን አይገባም። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ "ቶሎ ይድረቅልኝ" ብዬ 110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ትቼው ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ክፍሉ አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል፣ ሰማያዊው ነገሬም አረንጓዴ የሚያሰኘው ፈዛዛ ዱቄት ሆኗል። ክፍት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ቢከርምም እንደዚሁ ነው፣ ቀስ ይላል እንጂ።

ከ5.0 ግራም ኮፐር ሰልፌት ቢበዛ የሚገኘው 4.92 ግራም ነው። ከ4.0 እስከ 4.5 ግራም ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። 5.3 ግራም ያገኘ ሰው ደግሞ ኢታኖልም መዝኗል ማለት ነው፤ ያድርቀውና እንደገና ይመዝን።

አሞኒያው መኖሩን ማረጋገጥ

ቀለም ያታልላል። አሞኒያ ያነሰውም ውህድ ሰማያዊ ነው። እርግጠኛ ለመሆን 0.200 ግራም ውህድ መዝናችሁ ቀጥታ 50.0 ሚሊ ሊትር ባለ 0.100 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ጨምሩት። አሲዱ አሞኒያውን በሙሉ ይይዘዋል፤ የሚተን አይኖርም። የተረፈውን አሲድ በሚታይል ኦሬንጅ ጠቋሚነት በ0.100 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለኩ። መዳቡ በራሱ ሰማያዊ ስለሆነ የምትጠብቁት ለውጥ ከቀይ ወደ ቢጫ አይደለም፤ ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ነጥቡን ያልፈዋል።

አራቱም አሞኒያ ካሉ የሚፈጀው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 17.4 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። 21 ሚሊ ሊትር ቢፈጅባችሁ በአንድ መዳብ የቀረው አሞኒያ 3.6 ያህል ብቻ ነው፤ ማድረቁ ላይ ወይም ማጣራቱ ላይ አጥታችኋል። እንዲህ ያለውን ናሙና ወደ ክፍል ሁለት አታሻግሩት።

ክፍል ሁለት፦ ክሪስታሉን ማሳደግ

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈተነው። ክሪስታል የሚያድገው ሞለኪውሎቹ አንድ በአንድ ቦታቸውን እየያዙ ሲደረደሩ ነው። ኢታኖሉ በአንዴ ከገባ በሺዎች የሚቆጠሩ ጅማሬዎች በአንድ ጊዜ ይፈጠሩና ያለውን ውህድ ይከፋፈሉታል፤ ሁሉም ትንሽ ይደርሰዋል፣ ማንም አያድግም። ኢታኖሉ በቀናት ውስጥ እየሰረገ ከገባ ግን ጅማሬዎቹ ጥቂት ይሆናሉ፣ እነሱም ይጠግባሉ።

1. ከምርታችሁ 0.4 ግራም ያህል በ2 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃና 1 ሚሊ ሊትር አሞኒያ አሟሙት። ፒፔት ጫፍ ውስጥ ትንሽ ጥጥ ወሽቃችሁ በዚያ አሳልፉት። እያንዳንዱ የአቧራ ቅንጣት የአንድ ክሪስታል መጀመሪያ ነው፤ እኛ ደግሞ ብዙ መጀመሪያ አንፈልግም።

2. ጠባብና ያልተጫረ የሙከራ ቱቦ ምረጡ። የተጫረ መስታወት እንደ አቧራው ነው፤ ጭረቱን ተከትሎ ክሪስታል ይደረደርበታል።

3. ከፈሳሹ 2 ሚሊ ሊትር ከታች አድርጉ። በላዩ ላይ 1 ሚሊ ሊትር እኩል የተቀላቀለ ኢታኖልና ውሃ (አንድ ጠብታ አሞኒያ ተጨምሮበት)፣ ከዚያ በላይ 5 ሚሊ ሊትር ኢታኖል። አደራረጉ ወሳኝ ነው፦ ቱቦውን አዘንብሉ፣ ፒፔቱን ከግድግዳው አስጠጉ፣ ቢራ አረፋ እንዳያወጣ ብርጭቆ አዘንብሎ እንደሚቀዳ ሰው በዝግታ አፍስሱ። ኢታኖል ከታችኛው ፈሳሽ ስለሚቀል ካልቸኮላችሁ በራሱ ይንሳፈፋል። ሦስቱ ንብርብሮች ለይተው መታየት አለባቸው። ወዲያው ሰማያዊ ደመና ከታየ ተቀላቅሏልና አፍስሳችሁ እንደገና ጀምሩ፤ "ይጠራ ይሆናል" ብሎ መጠበቅ ጥቅም የለውም። መሃለኛው ንብርብር የተቀመጠው ሁለቱ በድንገት እንዳይገናኙ ነው፣ አንዳንዶች ግን ለመቆጠብ ይዘሉትና ዱቄት ይዘው ወደኔ ይመጣሉ።

4. አፉን በፓራፊልም እሸጉ። ለዚህ ውህድ ቀዳዳ አያስፈልገውም፤ እንዲወጣ የምንፈልገው ነገር የለም።

5. የማይነካ ቦታ አስቀምጡ። መንገድ ዳር ያለ መስኮት አይሁን፤ የከባድ መኪና ንዝረት ይደርሰዋል፤ ፀሐይም ያገኘዋል። ፍሪጅም አይሁን፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። የከተማችን ትልቁ ችግር ግን የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ቀን ሸሚዝ ያስወልቃል፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ያስደርባል። ቀን ሲሞቅ ክሪስታሉ ከላዩ ይሟሟል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በጥድፊያ ይመለሳል፤ ፊቱ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። የእኔ ዘዴ ቱቦዎቹን ቢከር ውስጥ አቁሞ፣ ቢከሩን ካርቶን ውስጥ ከትቶ፣ ካርቶኑን በአሮጌ ጋቢ መጠቅለል ነው። ሳቁብኝ፤ ይሠራል።

6. አትንኩት። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ድንበሩ ላይ የመጀመሪያዎቹ ክሪስታሎች ብቅ ይላሉ። የታችኛው ሰማያዊ እስኪፈዝ፣ ሳምንት ያህል፣ ተዉት። እያነሱ ማየት ንብርብሩን ያናውጠዋል።

ንብርብሩ እንቢ ካላችሁ ሌላ መንገድ አለ። ፈሳሹን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ክፍቱን ተዉት፣ ብልቃጡን ኢታኖልና ጥቂት ጠብታ አሞኒያ ባለበት የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አቁሙትና የትልቁን ጠርሙስ ክዳን ግጠሙ። የኢታኖሉ ትነት ወደ ብልቃጡ ይገባል። አሞኒያው ውጭ የሚጨመረው ከውስጥ ያለው እንዳይሸሽ ነው። ከንብርብሩ ይዘገያል፣ ግን እጅ የሚንቀጠቀጥበትን ሰው ያድናል።

ክሪስታል መምረጥ

ትልቁን አትምረጡ። አውራ ጣት የሚያክለው ለፎቶ ነው። ኤክስሬይ የሚፈልገው በየጎኑ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው፤ ወፍራም ክሪስታል ጨረሩን ራሱ ይውጠዋል፣ መዳብ ሲኖርበት ደግሞ ይብሳል።

ከእናት ፈሳሹ (ካደገበት ፈሳሽ) ሳታወጡ ማይክሮስኮፕ ሥር እዩት። ሁለት የፖላራይዘር ፊልሞች (ከአሮጌ ካልኩሌተር ስክሪን የተላጠም ይሆናል) አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ አቋርጣችሁ አድርጉና ክሪስታሉን አዙሩት። ጥሩ ነጠላ ክሪስታል በየ90 ዲግሪው ሙሉ በሙሉ፣ በአንዴ ይጨልማል። ግማሹ ሲጨልም ግማሹ ከበራ ሁለት ክሪስታል ተጣብቋል፤ ተዉት። ቁልጭ ያለ ፊትና ሹል ጠርዝ ያለውን ምረጡና ወፍራም የማዕድን ዘይት ውስጥ ንከሩት። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል አሞኒያውን ያቆይላችኋል። ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ ደረቅ ክሪስታል በፖስታ አትላኩ፤ ከእናት ፈሳሹ ጋር፣ አፉ በታሸገ ብልቃጥ ይሂድ፤ የላኪውን ደንብ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፈሳሹ ኢታኖልና አሞኒያ አለበት።

ውጤቱ ሲመጣ ምን ታያላችሁ

መጀመሪያ የሕዋሱን፣ ማለትም ክሪስታሉ ውስጥ እየተደጋገመ የሚደረደረውን ትንሿን ሳጥን፣ ልኬት። የእናንተ ውህድ ኦርቶሮምቢክ ነው፤ ሦስቱ ጠርዞች ወደ 7.07፣ 10.65 እና 12.0 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)፣ ማዕዘኖቹ ሁሉ 90 ዲግሪ። 6.0፣ 6.1 እና 10.7 አንግስትሮም ሆኖ ማዕዘኖቹ ከ90 የራቁ ትሪክሊኒክ ከመጣላችሁ ያለካችሁት የገዛችሁትን ኮፐር ሰልፌት ነው። ይህ የሚደርሰው አሞኒያ አንሶ ሳለ ወይም ያልሟሟ ቅንጣት ቱቦው ውስጥ ሲቀር ነው። ሙሉ ልኬት ከመጀመሩ በፊት ሕዋሱን ብቻ አስለኩ፤ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል።

ቀጥሎ ርቀቶቹን። አራቱ አሞኒያዎች በአንድ ጠፍጣፋ ካሬ ጥግ ላይ ናቸው፤ ከመዳብ እስከ ናይትሮጅን 2.05 አንግስትሮም ገደማ። ውሃው ከካሬው በላይ ተቀምጧል፣ ግን ርቆ፣ 2.6 አንግስትሮም ላይ። ይህ ርቀት ስህተት መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ። ስህተት አይደለም። ባለ ሁለት ፖዘቲቭ መዳብ ዲ ኦርቢታል በሚባሉት የኤሌክትሮን ስፍራዎቹ ላይ ዘጠኝ ኤሌክትሮን ስላለው ዙሪያውን በእኩል ርቀት መያዝ አይመቸውም፤ አራቱን ይስባል፣ በላይና በታች ያሉትን ይገፋል። ያን-ቴለር የሚባለው ይህ ነው። ኮፐር ሰልፌት ፔንታሃይድሬት ውስጥም ያው ነው፦ አራት ውሃ ቀርበው፣ የሰልፌት ኦክስጅኖች 2.4 አንግስትሮም አካባቢ ርቀው፣ አምስተኛው ውሃ ደግሞ መዳቡን ሳይነካ በሃይድሮጅን ትስስር ብቻ ተንጠልጥሎ። እንዲያውም በመዳብ መዋቅር ውስጥ ስድስቱም ርቀቶች እኩል ሆነው ከመጡ ያኔ ነው መጠርጠር።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- ቱቦው ውስጥ ፈዛዛ ሰማያዊ ጭቃ፦ አሞኒያ አንሷል። አንድ ሁለት ጠብታ ጨምራችሁ ካልጠራ እንደገና አሟሙት።
- ሰማያዊ ዘይት መስሎ ከታች መተኛት፦ ኢታኖሉ ቶሎ ገብቷል። ቱቦውን ከድናችሁ ጥቂት ቀን ተዉት፣ አንዳንዴ ይረጋል።
- ምንም አለመውጣት፦ ፈሳሹ ቀጥኗል፣ ወይም አልኮሉ ውሃ አለው። በክረምት ክፍት የቆየ የኢታኖል ጠርሙስ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ አዲስ ክፈቱ።
- ክሪስታሉ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳለ መፍዘዝ፦ አሞኒያ እያጣ ነው። ከፈሳሹ ካወጣችሁት ዘይት ውስጥ እስኪገባ ያለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ።
- ማስታወሻ አለመጻፍ፦ የሠራው ቱቦ የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልሠራም። ቀን፣ መጠን፣ የክፍል ሙቀት ቱቦው ላይ ይለጠፍ።

ቆሻሻውን ማስወገድ

ሰማያዊውን ፈሳሽ ወደ ማጠቢያው አትድፉት። መዳብ ለአሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ነው፤ የእኛ ቧንቧም ዞሮ ዞሮ ቀበና ወንዝ ዳር ነው የሚያደርሰው። ፈሳሹን በአንድ ጠርሙስ አጠራቅሙ። ኢታኖሉ ፊውም ሁድ ውስጥ በራሱ ይትነን፣ በእሳት አታሙቁት። ቀጥሎ እዚያው ፊውም ሁድ ውስጥ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ በጠብታ እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ ይሞቃል፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ጥቁሩ ሰማያዊ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ሲለወጥ አሞኒያው ተይዟል። ሊትመስ ቀይ እስኪሆን ትንሽ ጨምሩና የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ንከሩበት። መዳቡ ቀይ ሆኖ ሽቦው ላይ ይለብጣል፣ ብረቱ በምትኩ ይሟሟል። በማግስቱ ሰማያዊው ቀለም ጠፍቶ ካልሆነ ሌላ ሽቦ ጨምሩ። ጠርሙሱን ጋዝ ስለሚያወጣ አጥብቃችሁ አትክደኑት። መዳቡን አጣርታችሁ በደረቅ ቆሻሻ ዕቃ አኑሩ፣ የቀረውን ፈሳሽ በሶዳ አለዝባችሁ ለላቡ ቆሻሻ ተረካቢ ስጡ፤ ጠርሙሱ ላይ የያዘውን ጽፋችሁ።